ልጆቻችን ያስጠኑን ሕግ

በማኅበራችን ውስጥ ዕድሜያችን ሃምሳን የተሻገረው፣ ሕገ መንግሥትን ያወቅነው ለፈተና ነው። ታላላቆቻችን ግብረ ገብ ተማሩ፤ ለእኛ በደርግ ዘመን የፖለቲካ ትምህርት ደረሰን። የ1979 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሲጸድቅ ተማሪዎች ነበርን። ስለ መብት የተጻፈውን ሸመደድን እንጂ ሰው ቢታሰር ምን ብሎ ይጠይቃል ያለ አልነበረም፤ መጠየቁም አያዋጣም ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሕጉም ከመንግሥቱ ጋር ሄደ።

ናይሮቢ የተወለዱት ልጆቻችን ግን ኬንያ በነሐሴ 2002 ዓ.ም. ያጸደቀችውን ሕገ መንግሥት ከትምህርት ቤት ይዘው መጡ። ማታ ማታ ሱቅ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ያስጠኑን ጀመር። አንቀጽ 49 እንዲህ ነው፦ የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ይነገረዋል፤ ዝም ማለትና ጠበቃ ማነጋገር ይችላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ በቀጣዩ የችሎት ቀን፣ ፍርድ ቤት ይቀርባል። የተያዘ ሰው ይላል እንጂ ዜጋ አይልም። አንድ ወንድማችን በመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ በተያዘ ጊዜ፣ ይህንኑ በስዋሂሊ የተናገረችለት የ15 ዓመት ልጁ ናት።

ያችው ልጅ አንቀጽ 14ን አነበበችልን። ዜግነት በእናት ወይም በአባት እንጂ በተወለዱበት አገር አይደለም። «ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ?» አለች። አንቀጽ 15 ሳያቋርጥ 7 ዓመት በሕጋዊነት የኖረ ማመልከት ይችላል ይላል። የኢትዮጵያ የ1996ቱ የዜግነት አዋጅ ደግሞ የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የያዘውን ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ከመካከላችን ሰባቱን ዓመት የሞላን ብዙዎች ነን፤ ቅጹን የሞላን ግን ጥቂት ነን።