ከሚሳይል አፍንጫ እስከ ጥርስ ሽቦ

ጠማማ ጥርስን የሚያቀናው ሽቦ ነው ሲባል እንሰማለን። ነገሩን ጠጋ ብለን ካየነው ግን ጥርሱን የሚገፋው፣ የታጠፈው ሽቦ ወደ ቀድሞ ቅርፁ ለመመለስ ሲታገል የሚያወጣው ኃይል ነው። ታዲያ ኃይሉ ሲበዛ ጥርሱ የሚፈጥን እንዳይመስለን! በሥሩ ዙሪያ ያለው ሥጋ ደም ያጥረዋል፤ ሕመሙ ይበረታል፤ የጥርሱም ሥር ተበልቶ ሊያጥር ይችላል። ሽዋርትስ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1932 ግፊቱ ከቀጫጭን የደም ሥሮች ግፊት፣ ማለትም በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ከ20 እስከ 26 ግራም ከሚሆነው መብለጥ የለበትም ብሎ ጻፈ። በቁጥሩ ላይ ኋላ ብዙ ክርክር ተነሥቷል። ለስላሳና የማያቋርጥ ግፊት ይሻላል የሚለው ሐሳብ ግን ጸንቶ ቆየ።

የጥርስ ሽቦ ታሪክም፣ በእኛ አስተያየት፣ ይህንኑ ለስላሳ ግፊት የመፈለግ ታሪክ ነው። መጀመሪያ ወርቅ ነበረ። ከ1930ዎቹ ወዲህ ርካሽና ጠንካራ የሆነው የማይዝግ ብረት ቀስ በቀስ ተካው። ብረት ግን ግትር ነው። ሁለት እጥፍ ሲጎብጥ ሁለት እጥፍ ይገፋል፤ ስለዚህ በጣም የጠመመው ጥርስ ከሁሉ የከፋውን ዱላ ይቀምሳል ማለት ነው። ሐኪሞቹም ግትርነቱን ለማለዘብ ጉጠት ይዘው ሽቦውን እየጠመዘዙ ቀለበት ሲያበጁለት ኖሩ።

መላው የመጣው ካልታሰበበት ቦታ ነው። ዊልያም ቢውለር በአሜሪካ ባሕር ኃይል የጦር መሣሪያ ላቦራቶሪ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ለሚሳይል አፍንጫ የሚሆን ሙቀት ቻይ ብረት ይፈልግ ነበር። ኒኬልና ታይታኒየም እኩል በእኩል አቅልጦ ያወጣቸው ዘንጎች ወለል ላይ ሲወድቁ፣ ትኩሱ እንደ ደወል ሲያቃጭል የቀዘቀዘው እንደ እርሳስ ዷ ይላል። በ1961 ደግሞ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ቅንጣቢ በስብሰባ ላይ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ አንዱ ኃላፊ የፒፓውን መለኮሻ ቢያስጠጋበት ቅንጣቢው ተዘረጋ። ስሙንም ከሁለቱ ማዕድናትና ከላቦራቶሪው ስም የመጀመሪያ ፊደሎች አውጥተው ኒቲኖል አሉት።

የአይዋ ዩኒቨርሲቲው ጆርጅ አንድሪያሰን በ1971 ይህን ቅይጥ ለጥርስ ሕክምና አቀረበው። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ያ የመጀመሪያው ሽቦ በቅዝቃዜ ተስቦ የጠነከረ በመሆኑ ከብረት ይልቅ ይለጠጥ እንጂ ሱፐርኢላስቲክ አልነበረም። ሱፐርኢላስቲክ የሆነውን፣ አንዱን ከቻይና በ1985 እነበርስቶን፣ ሌላውን ከጃፓን በ1986 እነሚዩራ በጽሑፍ አስተዋወቁ። የቻይናው ሽቦ ተጎንብሶ የመመለስ ችሎታው ከብረት 4.4 እጥፍ ሆኖ ተለካ። ምሥጢሩ ምንድን ነው? ሽቦው ሲጨነቅ የአተሞቹ አሰላለፍ ኦስቴናይት ከሚባለው ወደ ማርቴንሳይት ይለወጣል፤ ሲለቀቅ ይመለሳል። ስለዚህ የብረት ግፊት አቀበት ከሆነ የዚህኛው ሜዳ ነው፤ ብዙም ጎበጠ ትንሽ ኃይሉ እምብዛም አይለያይም።

እንግዲህ ሽቦ መራጩ «ኒኬል ታይታኒየም» የሚለውን ጽሑፍ አይቶ ብቻ ማንሣት የለበትም። ሊጠይቅ የሚገባው ሽቦው ሲመለስ ስንት ይገፋል ብሎ ነው፤ ሽቦው ሲታጠፍ የሚጠይቀው ኃይል ከፍ ያለ ነው፤ ጥርሱ የሚያገኘው ግን ዝቅ ያለውን የመመለሻውን ኃይል ነው። ሙቀትም አለ። በ1990ዎቹ የመጡት መዳብ የተጨመረባቸው ሽቦዎች በ27፣ በ35 ወይም በ40 ዲግሪ እንዲለወጡ ተደርገው ተሠርተዋል፤ የ40ው የሚነቃው ሰውዬው ትኩስ ነገር ሲጠጣ ነው። በአንጻሩ ቀዝቃዛ ውኃ ለጊዜው ያለዝባቸዋል።

ብረትስ ተጣለ ወይ? የለም። ሱፐርኢላስቲክ ሽቦ እንደ ልብ አይታጠፍም፣ አይበየድም፤ ክፍተት ለመዝጋትና ለመጨረሻው ማስተካከያ ሐኪሙ ወደ ብረት ይመለሳል። ኒኬል የማይስማማው ሰው ሲመጣም ሌላ ሽቦ መፈለግ ግድ ነው። ደግሞም እነዚህ ሽቦዎች በታካሚዎች ላይ ጎን ለጎን ሲሞከሩ፣ ለመነሻ አንዱ ከሌላው ጥርስን ፈጥኖ እንደሚያሰልፍ ወይም ሕመም እንደሚቀንስ በግልጽ አልተረጋገጠም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ሜዳው ያማረ ነው፤ አፍ ውስጥ ግን ምራቅ አለ፣ ፍትጊያ አለ፣ ማኘክም አለ። ስለዚህ ገንዘቡ ላጠረውና ቀጠሮ ለሚርቅበት ሰው ብዙ ቀጫጭን የብረት ክሮች ተገምደው የሚሠራው ርካሽ ሽቦ ዛሬም ከምርጫው የሚወጣ አይደለም።