ብስክሌት ጋላቢ ሴቶቻችንን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፤ ኔትወርክ ሲኖራችሁ አንብቡት።

ክፍል ውስጥ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። ሴት ሯጭ ጥሩ ሲባሉ ልጆቹ ደራርቱ፣ ጥሩነሽ፣ መሠረት፣ ለተሰንበት እያሉ ይቀጥላሉ፤ ጣታቸው ያልቃል እንጂ ስሙ አያልቅም። «እሺ፣ ለኢትዮጵያ የተወዳደረች አንዲት ሴት ብስክሌት ጋላቢስ?» ስል ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። አንዱ ከኋላ «ሴት ደግሞ ሳይክል ትወዳደራለች እንዴ?» ይላል፣ ሌላው ይስቃል። ትወዳደራለች። ኦሎምፒክም ደርሳለች። እስኪ ከሥሩ እንነሳ።

ብስክሌት ወደኛ የመጣው ባመዛኙ በጣሊያን በኩል ነው። ቃሎቹ ራሳቸው ይናገራሉ፦ ብስክሌት፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና። (ካቴና ጣሊያንኛው ሰንሰለት ማለት ነው። እኛ ለብስክሌቱም ለእስረኛ እጅም አንዱን ቃል መውሰዳችን ሁሌ ይገርመኛል።) አስመራ ላይ ጣሊያኖች ውድድር ሲጀምሩ የአገሬውን ሰው አያስገቡም ነበር። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1939 «አትችሉም» ለማሰኘት አብረው አወዳደሯቸውና ገብረማርያም ገብሩ የሚባል ኤርትራዊ ቀደማቸው። ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ደግሞ የኤርትራ ዙር ውድድር ተጀመረ።

ከዚያ ሜልቦርን ይመጣል፣ 1949 ዓ.ም.። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደችው ያኔ ነው፤ አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት። የሄዱት 12 ስፖርተኞች ናቸው፤ በሩጫና በብስክሌት ብቻ። እነ ገረመው ደንቦባ ከሯጮቹ እኩል የመጀመሪያዎቹ ኦሎምፒያኖቻችን ናቸው፤ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ታዲያ 12ቱም ወንዶች ነበሩ። ሴቶቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ላይ የታዩት በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ነው፤ ሁለት ብቻ፣ እነሱም ሯጮች።

ኋላ ቀር ስለሆንን ነው እንዳትሉ። ፈረንጆቹም ብዙ አይሻሉም ነበር። የወንዶች ብስክሌት እ.ኤ.አ. ከ1896ቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክ ጀምሮ አለ። የሴቶች የጎዳና ላይ ውድድር የገባው በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ነው። ቀንሱት፣ 88 ዓመት! በ1890ዎቹ አንዳንድ የአውሮፓና የአሜሪካ ሐኪሞች ብስክሌት የምትነዳ ሴት ፊቷ ይበላሻል፣ ዓይኗ ይፈጣል፣ መንጋጋዋ ይገተራል እያሉ ይጽፉ ነበር፤ «የብስክሌት ፊት» የሚል የበሽታ ስም ሁሉ አውጥተውለታል። እኛ ዘንድ ደግሞ «ድንግልና ይወስዳል» ይባላል። ሁለቱም ወሬ ዞሮ ዞሮ ያው ነው፦ ልጅቷ ከሰፈር ርቃ እንዳትሄድ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ጣሊያናዊት ካላወራሁ አይሆንልኝም። አልፎንሲና ስትራዳ ትባላለች። የደሃ ገበሬ ልጅ ናት፤ የተወለደችው በ1891 ነው። አባቷ አሮጌ ብስክሌት በዶሮ ለውጦ አመጣላት ይባላል። መንደርተኛው ሲያያት ያማትብ ነበር፤ «ቀሚስ የለበሰች ሰይጣን» ብለዋታል። በ1924 የጣሊያን ዙር ሲዘጋጅ ዝነኞቹ ወንዶች በክፍያ ተጣልተው ቀሩ። አዘጋጁ ጋዜጣ ሰው የሚያይለት ነገር ፈለገና የሷን ምዝገባ ተቀበለ፤ ስሟ ግን መጨረሻው ፊደል ተቆርጦ የወንድ በሚመስል አኳኋን ወጣ። 90 ሰው ተነሳ። መንገዱ ከ3,600 ኪሎ ሜትር በላይ፣ አብዛኛው አስፋልት ያልነካው፣ ድንጋይና ጭቃ። ወደ ፔሩጃ በሚወስደው ጉዞ ላይ ዝናብና ነፋስ ሲያላጋት ወደቀች፣ መሪው ተሰበረ። የመጥረጊያ እንጨት ቆርጣ መሪው ላይ አስራ ቀጠለች። ከተፈቀደው ሰዓት ዘግይታ ስለገባች ከደረጃ ሰረዟት፤ መንዳት ግን አላቆመችም። ሚላኖ ድረስ ዘለቀች። ከ90ዎቹ በደረጃ የጨረሱት 30 ናቸው፤ እሷ ከነሱ በተጨማሪ። በሚቀጥለው ዓመት ልመዝገብ ስትል እንቢ አሏት። የዚያው አገር ጦር ከ11 ዓመት በኋላ በታንክና በመርዝ ጋዝ እኛ ላይ መጣ። ታሪክ የሚያስተምር ሰው አንድን አገር ባንድ ቀለም መቀባት ይከብደዋል፤ ከዚያው አገር አልፎንሲናም ግራዚያኒም ወጥተዋል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በኛ ዘመን የኢትዮጵያ ብስክሌት ልብ ትግራይ ነው፤ መቀሌና አካባቢው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የቱር ደ ፍራንስ ተወዳዳሪ ጽጋቡ ግርማይም (2008 ዓ.ም.) ከዚያው ነው። ሴቶቹም በብዛት ከዚያ ወጡ።

አንዳንዶቻችሁ እዚህ ጋ ፊታችሁን ልታጠቁሩ ትችላላችሁ። ይገባኛል። በ2013 ክረምትና በ2014 መግቢያ ኮን ላይ ነበርኩ፤ ምን እንዳለፈ ሊነግረኝ የሚችል ሰው የለም። ግን እነዚህ ልጆች አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ለብሰው አቀበት ሲወጡ የኖሩ ናቸው። ጦርነት ስለመጣ ስማቸውን ከመዝገብ ልፋቅ ካልኩ ጠመኔውን ላስቀምጥ።

ብስክሌት ለምን ሰውን እንደሚያስተሳስር ለማያውቅ ትንሽ ፊዚክስ (የፊዚክስ መምህራን ይቅርታ)። በፍጥነት ስትነዳ ትልቁ ጠላትህ አየሩ ነው። ፊት ያለችው ነፋሱን ትሰነጥቃለች፤ ከኋላዋ ተጠግታ የምትነዳው እስከ ሲሶ የሚደርስ ጉልበት ትቆጥባለች። ስለዚህ አንድ ቡድን ተራ በተራ ፊት ይወጣል፤ የደከመችው ወደ ኋላ ትላለች፣ ያረፈችው ትመጣለች። የኛ ወንፈል ማለት ነው፤ ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የኔን። በቡድን የሰዓት ውድድር ደግሞ ሰዓቱ የሚያዘው ቀድማ በገባችው አይደለም፤ እንደ ውድድሩ ሕግ በሦስተኛዋ ወይም በአራተኛዋ ነው። ጎበዟ ጥላቸው ብትሄድ ምንም አታተርፍም። ሯጭ ጎህ ሲቀድ ብቻዋን ወጥታ ልትለማመድ ትችላለች። ብስክሌተኛ ጎማዋ ከከተማ 40 ኪሎ ሜትር ርቃ ሲተነፍስ አብራት ያለችው ልጅ ናት የምታድናት። ከነዚህ ስፖርተኞች ብዙዎቹ በየንግግራቸው ቡድናቸውን «ቤተሰብ» ሲሉ የምትሰሙት ለወግ አይደለም።

ደግሞ ውድ ስፖርት ነው። ለሩጫ አንድ ጫማ ይበቃል፣ እሱም ባይኖር አበበ አሳይቶናል። የውድድር ብስክሌት ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ፣ መለዋወጫው የማይገኝ ዕቃ ነው። ክለብ የሌላት ሴት የትም አትደርስም።

መጋቢት 2011 ላይ የአፍሪካ የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና የተካሄደው የት መሰላችሁ? ባሕር ዳር! እኛው ክልል፣ ጣና ዳር። ባሕር ዳር የተማራችሁ ታውቃላችሁ፣ ሴቷም ወንዱም በብስክሌት ሥራ የሚሄድባት ከተማ ናት። የኢትዮጵያ ሴቶች እዚያ በአገራቸው ሰው ፊት ተወዳደሩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ነው አገሩ የተገለባበጠው።

ሐምሌ 18 ቀን 2013፣ ቶኪዮ። የሴቶች የጎዳና ውድድር፣ 137 ኪሎ ሜትር፣ በፉጂ ተራራ በኩል። ከኢትዮጵያ አንዲት ልጅ ብቻ ተሰለፈች፦ ሰላም አምሃ። ጠንካሮቹ አገሮች አራት አራት ሆነው ነፋስ ሲከፋፈሉ እሷ ብቻዋን ናት። ከላይ የነገርኳችሁን የወንፈል ነገር አስታውሱና ብቻህን ደቦ ውጣ መባል ምን እንደሆነ ገምቱት። (ያን ቀን ያሸነፈችው አና ኪሰንሆፈር የምትባል ኦስትሪያዊት የሒሳብ ዶክተር ናት። ከመነሻው ፈትልካ ሄዳ መኖሯን የረሱ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለተኛ የወጣችው ሆላንዳዊት ያሸነፈች መስሏት እጇን አንስታለች። የሒሳብ ተማሪዎቼ፣ ደስ ይበላችሁ።) እኛ ግን ያን ሰሞን ቴሌቪዥን የምንከፍተው ለጦርነት ዜና ነበር። ከዚያ ውድድር በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጦርነቱ ላሊበላ ገባ። ሰላም አምሃን ማን ያስታውስ?

ሌላዋ ኢየሩ ገብሩ ናት። ከትግራይ ናት። በስዊዘርላንድ ኤግል ከተማ ባለው የዓለም ብስክሌት ማኅበር ማዕከል፣ ከብዙ አገር ከተሰባሰቡ ሴቶች ጋር ሠልጥናለች። በዓለም ሻምፒዮና የኢትዮጵያን ማልያ ለብሳለች። ጦርነቱ ከአገሯ አስወጣት፤ ፈረንሳይ ተጠለለች፣ እዚያም አንድ የሴቶች ቡድን ተቀበላት። ፓሪስ 2024 ላይ በሴቶች የጎዳና ውድድር ስትሰለፍ የለበሰችው የስደተኞች ኦሎምፒክ ቡድንን ማልያ ነው። 37 ስፖርተኞች የነበሩበት ቡድን። የኢትዮጵያን ማልያ አይደለም። ይሄን ሐረግ ስጽፍ ሁለት ጊዜ ቆም ብያለሁ።

የዚያ ቡድን መሪ ደግሞ ማሱማ አሊ ዛዳ ትባላለች፣ አፍጋኒስታናዊት። እሷም ብስክሌተኛ ናት። ካቡል ላይ እሷና ጓደኞቿ ሲነዱ ድንጋይ ይወረወርባቸው ነበር፤ ፈረንሳይ ተሰዳ ቶኪዮ ላይ ለስደተኞች ቡድን ተወዳደረች። የካቡሏና የትግራይዋ አንድ ማልያ ሥር ተገናኙ። አገር የነፈጋቸውን ነገር ብስክሌቱ በከፊል መለሰላቸው። በከፊል ነው የምለው፣ እናት ቤት አይተካም።

መስከረም 2018 ላይ የዓለም ሻምፒዮና ኪጋሊ ገባ፤ አፍሪካ ውስጥ ሲደረግ የመጀመሪያው ነው። አቀበት በአቀበት። የሩዋንዳ እናቶች ልጅ አዝለው መንገድ ዳር ቆመው ሲያጨበጭቡ አይታችኋል? የኛም ልጆች ነበሩበት። ኪጋሊ ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ገደማ ነው፤ ለዋድላ ሰው ቆላ ነው። እኛ ደጃፍ ያለው ከወልድያ በጋሸና ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው መንገድ ለዚህ ስፖርት የተሠራ ይመስላል፦ ቀዝቃዛ አየር፣ ረጅም አቀበት፣ ያልተቋረጠ ነፋስ። ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን የጎተተበት ዋድላ እኮ ነው! ዛሬ ግን መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው የሚኖረው። ተማሪዎቼ ሁለት ሰዓት በእግራቸው መጥተው ክፍል ይገባሉ፤ ሴቶቹ ውኃ ቀድተው፣ እንጀራ ጋግረው ከዚያ ነው የሚነሱት። ኮን ላይ ብስክሌት የምትነዳ ሴት ልጅ እስካሁን አላየሁም።

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ። በ2011ዱ ሻምፒዮና ባሕር ዳር የነበራችሁ፣ በተለይ ያኔ ዩኒቨርሲቲ የነበራችሁ ልጆቼ፣ ስልካችሁን ፈትሹ። የሴቶቹን ውድድር ያነሳችሁት ፎቶ ካለ ላኩልኝ። አሳትሜ 10ኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ልለጥፈው አስቤያለሁ፤ የሥዕል ወረቀቱንና ማጣበቂያውን እኔ እችላለሁ።