የኦሪቱ ልብስ፦ ድጉሱንና ማኅደሩን ስለ መጠበቅ



በስግድ በዓል ቄሶቻችን ኦሪቱን በጥላ ሥር ይዘው ሲወጡ ሁላችንም የምናስበው በብራናው ላይ የተጻፈውን ቃል ነው። ቃሉን የሸፈነው ቆዳ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

እንደሚታወቀው በኢትዮጵያ ብራናው ተሰፍቶ በሁለት የእንጨት ገበታዎች መካከል ይገባና ገበታዎቹ በቆዳ ይለበጣሉ። ደጓሹ በእሳት የጋለ ብረት እየተጫነ በቆዳው ላይ መስመሩንና ሐረጉን ያወጣል፤ ወርቅ አይጨምርበትም። የመጽሐፉ ማደሪያም ማንገቻ ያለው የቆዳ ማኅደር ነው።

ከመጻሕፍታችን ብዙዎቹ ከክርስቲያን ጸሐፊዎች የተገዙ ናቸው፤ አባቶቻችን ከእምነታቸው ጋር የማይስማማውን ቃል ፍቀውበታል። ስለዚህ ፍቁም፣ ስፌቱም፣ እጅ ያለሰለሰው የቆዳ ጠርዝም የታሪካችን ምስክሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፉ ሁለት የኦሪት መጻሕፍት በማኅበረሰባችን እጅ መገኘታቸውን አስታውቀዋል። በየቤታችን ያለው ምን ያህል ውድ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የሌላው ዓለም ልምድም ያስተምረናል። በስፔን በኮርዶባ ከተማ ስመ ጥር የነበረው ወርቅ መሰል ቆዳ አብዛኛውን ጊዜ ወርቅ አልነበረበትም፤ ስስ የብር ቅጠል ተለጥፎበት ቢጫ ቫርኒሽ ይቀባ ነበር። የኋላ ሰዎች ቆዳው እንዳይደርቅ በማለት ዘይትና ቅባት ቀቡት። ቅባቱ ግን አቧራ ሰበሰበ፣ ቆዳውን አጠቆረ፣ አጣበቀው። ዛሬ የጥገና ባለሙያዎች ይህን አሠራር በአብዛኛው ትተውታል።

እኛ በራሞትና በሌሎች የቤር ሼቫ ሰፈሮች የምንኖረው በደረቁ በኔጌቭ ምድር ነው። ቆዳው ሲሰነጠቅ አይቶ ቅቤ ወይም ዘይት መቀባት የሚያምረው ሰው ይኖራል፤ አሮጌውን ገበታ ጥሎ መጽሐፉን በአዲስ የሚያስጠርዝም አይጠፋም። ሁለቱም በቅን ልቦና የሚደረጉ ናቸው፤ ጉዳታቸው ግን አይመለስም።

ስለዚህ መጽሐፉን ከመስኮት ፀሐይና ከማዝጋን ነፋስ አርቀን፣ በፕላስቲክ ሳይሆን አሲድ በሌለው የካርቶን ሣጥን ውስጥ አጋድመን እናስቀምጠው። የተቀደደውን በፕላስተር አንለጥፍ። የተነቀለ ቁራጭ ቢኖር ከመጽሐፉ ጋር በፖስታ ይቀመጥ። ጥገና የሚያስፈልገው ከሆነም ከቄሶቻችን ጋር ተመካክረን ለብራናና ለቆዳ ባለሙያ እናሳይ። ከሁሉ በፊት ደግሞ መጽሐፉ ከየትኛው መንደር፣ በማን እጅ እንደመጣ ሽማግሌዎቻችንን ጠይቀን እንጻፍ።

አባቶቻችን ኦሪቱን ከነልብሱ አስረክበውናል። እኛም ለልጆቻችን ከነልብሱ የማስረከብ አደራ አለብን።