አንድ ጽሑፍ ለሁለት ፓይተን

በጅሌ ጥሙጋ ወረዳ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ሰንበቴ በእሑድ ገበያዋ የታወቀች ናት። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ በዚያ ይገናኛሉ፤ በአካባቢው ጽሑፍም የግዕዝ ፊደልና ቁቤ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ስሟ አራት ፊደል ነው። ለሰው ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ለኮምፒዩተር ግን አያበቃም።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከተመዘገበ ወዲህ፣ ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ይይዛል። ስለሆነም «ሰንበቴ» የሚለውን ቃል እንዲሁ በጥቅስ አስገብቶ ርዝመቱን የጠየቀ ፕሮግራም በፓይተን 2 መልሱ 12፣ በፓይተን 3 ግን 4 ይሆንለታል። የመጀመሪያው ባይት ሲቆጥር ሁለተኛው ፊደል ይቆጥራልና።

እንበልና አንድ የመዝገብ ፕሮግራም ስምን ከ10 በላይ እንዳያልፍ ይቆርጣል። በአሮጌው ፓይተን «ከሚሴ» 9 ባይት ስለሆነች በደኅና ታልፋለች። «ሰንበቴ» ግን «ሰንበ» ላይ ትቆረጥና ከ«ቴ» የተሰበረ አንድ ባይት በስተኋላዋ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በቁቤ የተጻፈ ስም ፊደሉ ሁሉ ባለ አንድ ባይት በመሆኑ በሁለቱም ፓይተን እኩል ይቆጠራል። እንግዲህ ሥራውን በኦሮምኛ ወይም በእንግሊዝኛ ስሞች ብቻ የፈተነ ባለሙያ ጉድለቱን ከቶ አያየውም።

የፓይተን ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሱምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 3 ቀን 2008 ሦስተኛውን ፓይተን ሲያወጡ ጽሑፍንና ባይትን የለዩት ይህን የመሰለውን መደበላለቅ ለማስቀረት ነበር። አሮጌው ኮድ ግን በአንድ ቀን አልጠፋም፤ ለዓመታት አንዱ ጽሑፍ በሁለቱም እንዲሠራ ማድረግ ግድ ሆነ። በ2010 ቤንጃሚን ፒተርሰን «ሲክስ» የተባለውን የማስታረቂያ ጥቅል አወጣ። ስሙ ስድስት ማለት ነው፤ ሁለት በሦስት ሲባዛ መሆኑ ነው። ከጥቅስ በፊት እየገባች ቃሉን ዩኒኮድ የምታሰኘው «ዩ» የተባለች የላቲን ፊደልም በ3.0 ተሽራ ነበር፤ በአርሚን ሮናከር ሐሳብ አቅራቢነት በ2012 በወጣው 3.3 ተመለሰች። አዲሱ ለአሮጌው ወደ ኋላ የተራመደበት ይህ እርምጃ፣ በእኔ ግምት፣ ከጥቅሎቹ ሁሉ ይልቅ ሥራ አቃልሏል።

ለእኛ ግን ዕርቁ ዋጋ ነበረው። ፓይተን 3 ተለዋዋጮችን በግዕዝ ፊደል መሰየምን ይፈቅዳል፤ «ዋጋ» ወይም «ሚዛን» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ፓይተን 2 ይህን አይቀበልም። ለሁለቱም የሚጽፍ ሰው ያገኘውን ፈቃድ ትቶ ወደ ላቲን ፊደል መመለስ ነበረበት።

የፓይተን 2 ጥገና እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2020 ሲያበቃ የማስታረቂያው መስመሮች ከብዙ ኮድ ወጡ። ቀድሞ የተቆረጡት ስሞች ግን በፋይሎቹ ውስጥ እንዳሉ ናቸው። ፓይተን 3 እንዲህ ያለውን መዝገብ በዩቲኤፍ 8 ሲያነብ ከ«ሰንበ» ቀጥሎ ያለችው ስባሪ ባይት ላይ ሲደርስ ስሕተት ብሎ ይቆማል፤ «ቴ»ን መልሶ የሚጽፋት ስሙን የሚያውቅ ሰው ነው።