ገንቢው ከሄደ በኋላ፦ የጉና ዙሪያ ትንንሽ ግድቦችና የጠባቂነት ታሪክ



ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም ሲመረቅ፣ ቁመቱ 145 ሜትር መሆኑን የትምህርት ቤት ልጆች ሳይቀሩ በቃላቸው ይሉት ነበር። የዛሬው ንግግሬ ግን ቁመታቸውን ማንም በቃሉ ስለማይዛቸው ግድቦች ነው። የታሪክ ትምህርት ክፍል ስለ አፈር ግድብ ምን አገባው የሚል ካለ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም አንድ ነው፦ እነዚህ ግድቦች የሚጎዱት ከምሕንድስና ጉድለት ብቻ ሳይሆን ያቋቋሟቸው ተቋማት ከእነርሱ ቀድመው ስለሚያልፉ ነው፤ የተቋማት ዕድሜ ደግሞ የታሪክ ባለሙያ ጉዳይ ነው።

ከንፋስ መውጫ ልጀምር። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር ተቀምጣለች፤ አቀማመጧን ስሟ ይናገራል። የላይ ጋይንት ምድር የውኃ መለያያ ነው። በአንድ ወገን የወረደው ዝናብ ወደ ተከዜ፣ በሌላው ወገን የወረደው ወደ በሽሎ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ያመራል። በምዕራብ የቆመው የጉና ተራራ ደግሞ ርብንና ጉማራን ወደ ጣና ይልካል። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ስለዚህ ውኃ የሚነሣባቸው እንጂ ውኃ የሚያርፍባቸው አገሮች አይደሉም። ዝናቡ በአብዛኛው በክረምቱ ወራት ወርዶ ያልቃል፤ በጋው ረጅም ነው። በሸንተረር ላይ ለተቆረቆረ ከተማ ወንዝ ሁልጊዜ ከታች ነው፤ ውኃውም ዳገት መውጣት አለበት። ክረምቱን ለበጋ ማቆየት የሚለው ሐሳብ በዚህ አገር የቅንጦት ሐሳብ ሆኖ አያውቅም።

ሐሳቡ በመንግሥት ዕቅድ ውስጥ በስፋት የገባው ከ1977ቱ ድርቅ ወዲህ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በትግራይና በአማራ ክልሎች ዘላቂ ግብርናንና የተራቆተ መሬትን መልሶ ማልማትን ዓላማቸው ያደረጉ ኮሚሽኖች ተቋቋሙ። የትግራዩ በአሥር ዓመት ውስጥ 500 ትንንሽ ግድቦች ለመሥራት አቅዶ ነበር፤ የተሠሩት ከዕቅዱ አንድ አሥረኛ ገደማ ናቸው። የአማራውም በርካታ የአፈር ግድቦችን ሠራ። በዚያ ዘመንና ከዚያም ወዲህ በእኛው ዞን እስቴ ውስጥ የጎሚት ግድብ፣ በደብረ ታቦር አቅራቢያ ደግሞ የሰላምኮ ግድብ ለመስኖ ተገነቡ። ሁለቱም ዛሬ በምሁራን ዘንድ ይታወቃሉ፤ የሚታወቁት ግን በአብዛኛው በችግራቸው፣ ማለትም በሥርገትና በደለል ነው። ኮሚሽኑ ግን የለም። ፈረሰ፤ ሥራውም ለሌሎች መሥሪያ ቤቶች ተከፋፈለ። የግንባታው ሥራ ወራሽ አገኘ፣ የንድፍ ሥራውም አገኘ። የጥበቃውን ሥራ ማን እንደወረሰው ለመናገር ግን ብዙ ማመንታት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የታሪክ ተማሪዎች የግድብን ሞት በዓይነ ሕሊናችሁ ካላያችሁት ቀሪው ነገር አይገባችሁምና። የአፈር ግድብ በዋናነት የሚሞተው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ውኃ በአናቱ ላይ ሲፈስስበት ነው፤ የጎርፍ ማስተንፈሻው ጠቦ ወይም ተደፍኖ ከተገኘ፣ በአናቱ የተረፈው ውኃ አፈሩን ከጀርባው እየቦረቦረ በሰዓታት ውስጥ ይቆርጠዋል። ሁለተኛው ከውስጥ የሚመጣ ነው። ማንኛውም የአፈር ግድብ ጥቂት ያሰርጋል፤ ከግርጌው የሚወጣው ውኃ የጠራ እስከሆነ ድረስ ብዙ አያስፈራም። የደፈረሰ እንደሆነ ግን ግድቡ የራሱን አካል እየተሸከመ እየወጣ ነው ማለት ነው። ጉና የጥንት እሳተ ገሞራ ነው፤ ስንጥቅ የበዛበት ጥቁር ድንጋይ ከመሠረቱ ሥር ለውኃ መንገድ ይሰጣል።

ደለልን በተመለከተ አንድ የተለመደ አነጋገር ቅር ያሰኘኛል። ደለል የመጠን እንጂ የደኅንነት ጉዳይ እንዳልሆነ ተደርጎ ይነገራል። ነገር ግን በደለል የተሞላ ማጠራቀሚያ ድንገተኛ ጎርፍን የሚያቆይበት ቦታ የለውም፤ የመጣው ሁሉ በቀጥታ ወደ ማስተንፈሻው ይሄዳል። ለጎንደር ከተማ መጠጥ ውኃ በ1980ዎቹ የተሠራው የአንገረብ ግድብ ከተፋሰሱ በሚታጠብ አፈር ምክንያት ከታሰበለት ዕድሜ ቀድሞ ይዞታውን በብዙ ማጣቱ የታወቀ ነው። በትግራይ 92 ትንንሽ ግድቦችን የመረመረ ጥናትም ከግማሽ በሚበልጡት ደለል፣ እንደዚሁም ከግማሽ በሚበልጡት ሥርገት፣ በሩብ ያህሉ ደግሞ የመዋቅር ጉዳት አግኝቷል። ከእነዚህ ችግሮች አብዛኛዎቹ በአንድ ሌሊት የሚመጡ አይደሉም። በየዓመቱ የሚመላለስ ሰው ቢኖር ያያቸዋል።

ይህ የእኛ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። በአሜሪካ የፔንሲልቬኒያ ግዛት መንግሥት የሳውዝ ፎርክን ግድብ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሠራው ለጀልባ ቦይ ውኃ ለማጠራቀም ነበር። ባቡር መጣና ቦዩ ከንቱ ሆነ። ግድቡ ለባቡር ኩባንያ ተሸጠ፤ ከዚያ ለአንድ ግለሰብ ተላለፈ፤ እርሱም የወለል ማስወጫ ቱቦዎቹን ነቅሎ ሸጠ። በመጨረሻ የባለጠጎች የዓሣ ማጥመጃ ክበብ ገዛው፤ ዓሣው እንዳያመልጥም በማስተንፈሻው ላይ የብረት ወንፊት አደረገ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1889 ከከባድ ዝናብ በኋላ ግድቡ ተደርምሶ ከታች የነበረችውን የጆንስታውንን ከተማ ጠረገ፤ ከ2,200 በላይ ሰው አለቀ። የግድቡ ቁመት 22 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። በጎረቤታችን ኬንያም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 በሶላይ የአንድ እርሻ ግድብ በሌሊት ፈርሶ ከ40 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ዓለም አቀፉ የትላልቅ ግድቦች ኮሚሽን ትልቅ የሚለው በመሠረቱ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን ነው፤ የዓለም ባንክም ገለልተኛ የባለሙያ ቡድን እንዲቆጣጠራቸው የሚጠይቀው እንዲህ ያሉትን ነው። በዚህ መስመር ዙሪያና ከመስመሩ በታች ያሉት የገጠር ግድቦች መርማሪያቸው ማን ነው?

ከዚህ ተነሥተን ወደ ጎንደር እንመለስ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የፋሲለደስ መዋኛ ዛሬም ውኃ ይይዛል። ግንቡ መልካም ስለሆነ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። መዋኛው ቀን የተቆረጠለት ሥራ አለው፤ በየዓመቱ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውኃ ተስቦ ይሞላል። ስለዚህ ቦዩ መጠረግ አለበት፣ የሚያንጠባጥብ ስንጥቅም ካለ ሕዝብ በተሰበሰበበት ይጋለጣል። ማንም ምርመራ ብሎ ባይጠራውም ነገሩ ዓመታዊ ምርመራ ነው። ገበሬውም የራሱ ሥርዓት አለው። በአማራ ገጠር በባህላዊ መስኖ የውኃ አባት የሚባል ሰው ይመረጣል፤ ተራ ይመድባል፣ ጠብ ይዳኛል፣ ቦይ የሚጠረግበትን ቀን ቆርጦ ሰውን ያስወጣል፣ የቀረውን ያስቀጣል። ዘመናዊው ግድብ ሲመጣ የውኃ ተጠቃሚዎች ኮሚቴ ተተካ። ኮሚቴው ስለ ቦይና ስለ ተራ ይነጋገራል፤ የግድቡን አካል ግን የመንግሥት ንብረት አድርጎ ያየዋል። መሥሪያ ቤቱ በበኩሉ ግድቡን ለተጠቃሚው አስረክቤአለሁ ይላል። በርክክብ ሰነድና በልማድ መካከል ያለው ይህ ባዶ ቦታ፣ በእኔ ግምት፣ ከማንኛውም የመሠረት ስንጥቅ ይበልጥ አደገኛ ነው።

ጉዳዩን ዛሬ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የሸንተረሩ ከተሞች እያደጉ ናቸው፤ የምንጭና የጉድጓድ ውኃ ሲያንስ ዓይናቸው ወደ ማጠራቀሚያ ማዘንበሉ አይቀርም። ለመስኖ የተሠራ ግድብ ለመጠጥ ሲፈለግ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል፤ ለመስኖ ሲባል በበጋ መጨረሻ የሚጎድለው ውኃ ለከተማ ሲባል ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብሎ እንዲቆም ይፈለጋል፤ ከግርጌውም ቤት ይበዛል።

ተማሪዎች የመመረቂያ ርእስ እየጠየቃችሁኝ ነውና አንድ ላቅርብ። ጎሚትን ወይም ሰላምኮን ውሰዱ። የርክክብ ሰነዱን ፈልጉ፤ ማን ፈረመ፣ ለማን አስረከበ? የማስወጫውን በር ቁልፍ የያዘው ማን ነው፣ ከእርሱስ በፊት ማን ይዞት ነበር? ውኃው በሚጎድልበት በግንቦት፣ ከዚያም በሚሞላበት በመስከረም ሄዳችሁ ግርጌውን እዩ፤ የሚወጣው ውኃ የጠራ ወይም የደፈረሰ መሆኑን ከነቀኑ ጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ተማሪ በዚያው መዝገብ ላይ ይቀጥላል። መዝገቡ በዚህ ክፍል ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ ጥያቄ አቅርቤአለሁ።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሂድ።