ከቅርጫት እስከ ፕላስቲክ ቱቦ፦ የቡና ችግኝ ዕቃ ታሪክና የእኛ ድርሻ

ዩኒየናችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት ስለ ቡና ብዙ ይነገራል። ስለ ምርቱ ብዛት፣ ስለ ጥራቱ፣ ስለ እሸት ቡና ማጠቢያው፣ ስለ ገበያው ይጻፋል፤ ሊጻፍም ይገባል። ነገር ግን ስሙ የማይነሣ አንድ ባለውለታ አለ። እርሱም ችግኙ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ወር የሚያድግበት፣ በተከላ ቀን ተቀዶ ከጉድጓዱ አጠገብ የሚጣለው ዕቃ ነው። አርሶ አደሩ "ላስቲክ" ይለዋል፤ እኛ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ደግሞ በሪፖርታችን "ፖሊቲን ቱቦ" ብለን እንጽፈዋለን።

ይህ ጽሑፍ የዚህን ዕቃ ታሪክ በአጭሩ ለማስታወስ የተዘጋጀ ነው። ታሪኩን ማወቅ ለጨዋታ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። የቡና ዛፍ በደንብ ከተያዘ ለአሥርት ዓመታት ፍሬ የሚሰጥ ተክል ነው። ዕድሜውን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ደግሞ ገና ችግኝ ሳለ ሥሩ የያዘው ቅርጽ ነው። ያንን ቅርጽ የሚሰጠው ዕቃው ነው።

ጫካው ራሱ ችግኝ ጣቢያ በነበረበት ዘመን

ኢሉባቦር ቡና በተፈጥሮ ከሚበቅልባቸው ጥቂት የዓለም ሥፍራዎች አንዷ ናት። የያዩ የቡና ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ መመዝገቡ ለዚህ ምስክር ነው። በእንዲህ ያለ አገር ጫካው ራሱ ችግኝ ጣቢያ ነበር። ፍሬው ከእናት ዛፍ ሥር ወድቆ ይበቅላል፤ ወፍና ጦጣም ወስደው ይዘሩታል። አርሶ አደሩ ከበቀለው መካከል ጠንካራውን መርጦ ክፍት ወደሆነ ቦታ ያዛውረዋል፣ ዙሪያውን ይመነጥርለታል።

ጎሬ የኢሉባቦር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመንም ነገሩ ይኸው ነበር። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተደረገው ውል በባሮ ወንዝ ላይ የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ከጎሬ ደጋ በበቅሎና በሰው ሸክም ቁልቁል የወረደው ቡና፣ በክረምት ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። ጎሬን በንግድ ያስጠራት ያ ቡና በአብዛኛው ከጫካና ከጓሮ የተለቀመ ነው።

ታዲያ ያኔ ዕቃ የሚባል ነገር ጭራሹን አልነበረም ማለት አይደለም። በጎሬ አካባቢ የሚኖሩ አንድ አዛውንት አርሶ አደርን፣ "አባባ፣ ችግኙን ከጫካ ሲያመጡ በምን ይዘው ነበር?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። "በኮባ ቅጠል ነዋ ልጄ" አሉኝ። "ከነአፈሩ ታነሣዋለህ፣ በኮባ ትጠቀልለዋለህ፣ በልጥ ታስረዋለህ። አፈሩ መንገድ ላይ ከፈረሰ ቡናው ይቀየምሃል።" በኮሌጅ ስለ ችግኝ አያያዝ በርካታ ገጽ አንብቤያለሁ። ዋናው ነገር ግን በእኚህ አባት ንግግር ውስጥ አለ፤ የዕቃው ሥራ ሥሩን ከነአፈሩ ሳይጎዳ ማድረስ ነው።

ዓለም ተክልን ያጓጓዘባቸው ዕቃዎች

ይህ ሐሳብ በጣም ጥንታዊ ነው። የግብፅ ንግሥት ሃትሼፕሱት ከ3,500 ዓመታት ገደማ በፊት ወደ ፑንት ምድር መርከቦች ልካ ነበር። ፑንት በእኛው የአፍሪካ ቀንድና በቀይ ባሕር ዳርቻ አካባቢ እንደነበረች ብዙ የታሪክ ሊቃውንት ይገምታሉ። በደይር ኤል ባህሪ ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ፣ የዕጣን ዛፎች ከነሥራቸው በቅርጫት ሆነው ሰዎች በመሸከሚያ እንጨት አንጠልጥለው ወደ መርከብ ሲያስገቧቸው ተቀርጾ ይታያል። ከዚህ አካባቢ ተክል በዕቃ ሆኖ ሲወጣ በሥዕል የታየው እንግዲህ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው።

የራሳችን ቡናም ዓለምን የዞረው በዕቃ ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1723 ገደማ ደ ክሊዩ የተባለ ፈረንሳዊ መኮንን አንድ የቡና ችግኝ መስታወት ባለው ሣጥን አድርጎ ወደ ማርቲኒክ ደሴት በመርከብ ተጓዘ። ራሱ እንደጻፈው፣ በጉዞው ላይ ውኃ ስላጠረ ለእርሱ የሚደርሰውን ጥቂት ውኃ ከችግኙ ጋር ይካፈል ነበር። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ናትናኤል ዋርድ የተባለ የሎንዶን ሐኪም፣ በተከደነ ብርጭቆ ውስጥ እርጥበቱ እየተነነ ተመልሶ ስለሚንጠባጠብ ተክል ያለ ተጨማሪ ውኃ ለረጅም ጊዜ መኖር እንደሚችል በ1829 (እ.ኤ.አ.) ተገነዘበ። በዚህ መሠረት የተሠራው የመስታወት ሣጥን የዓለምን እርሻ ለወጠ። ከብራዚል በተወሰደ ዘር እንግሊዝ ውስጥ የፈላው የጎማ ዛፍ ችግኝ በ1876 (እ.ኤ.አ.) ወደ እስያ የተላከው በዚህ ዓይነት ሣጥን ነበር።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ቅርጫቱም ሆነ ሣጥኑ ያስፈለገው፣ ተክሉ ውድና ጥቂት ስለነበረና መንገዱ ሩቅ ስለነበረ ነው። ተክሉ በየቦታው በነፃ በሚበቅልበት አገር ለዕቃ የሚጨነቅ የለም። እኛም ለዕቃ መጨነቅ የጀመርነው ቡናችን በአደጋ ላይ በወደቀ ጊዜ ነው።

ከመቱ ቢሻሪ የወጣው ዘር

በ1963 ዓ.ም. ሲቢዲ በሚል አጠራር የሚታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ታየ። በሽታው በፈንገስ የሚመጣ ሲሆን አረንጓዴውን ፍሬ አጥቁሮ ያደርቃል። በርካታ አርሶ አደሮች ሙሉ ማሳቸው ጠቁሮ አዩ። የጅማ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በየጫካውና በየማሳው እየዞሩ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ታሞ እርሱ ጤነኛ ሆኖ የቆመውን ዛፍ መፈለግ ያዙ።

ብዙዎቻችን ዛሬ በማሳችን ያሉት 74110፣ 74112፣ 74148 እና 74158 የተባሉት ዝርያዎች የተገኙት ከዚሁ ፍለጋ ሲሆን፣ እናት ዛፎቻቸው የቆሙት እዚሁ በመቱ አካባቢ ቢሻሪ በተባለው ሥፍራ ነበር። የቁጥሩ መነሻ የሆነው 74 ዛፉ የተመረጠበትን ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያመለክታል፤ በእኛ 1966 እና 67 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ዛሬ በጅማ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦና በሌሎችም አካባቢዎች የሚለቀመው ቡና በከፊል የእነዚህ የመቱ ዛፎች ልጅ ነው። ይህ ለአባሎቻችን ኩራት ሊሆን ይገባል።

ነገር ግን ጥቂት እናት ዛፎች በጫካ ውስጥ ቆመው አገር አይመግቡም። የዓረቢካ ቡና በአብዛኛው በራሱ አበባ ብናኝ ስለሚዳቀል ዘሩ እናቱን ይመስላል። ስለዚህ የተመረጠውን ዘር በችግኝ ጣቢያ ማብዛት ይቻላል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የቡና ማሻሻያ ፕሮጀክት በቡና አብቃይ አካባቢዎች ችግኝ ጣቢያዎችን ሲያስፋፋ፣ ፖሊቲን ቱቦም አብሮ ተስፋፋ። ፖሊቲን በ1933 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ አገር በአንድ የኬሚካል ፋብሪካ ሙከራ ላይ ሳይታሰብ የተገኘ ነገር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ረክሶ ለሁሉም ደረሰ። ቀላል ነው፣ ውኃ ይይዛል፣ ሺውን ጠቅልሎ በአንድ በቅሎ መጫን ይቻላል። ከመደብ ተነቅሎ ሥሩ ባዶ ሆኖ ከሚጓዝ ችግኝ ይልቅ፣ ከነአፈሩ በቱቦ የሚሄደው የመጽደቅ ዕድሉ ከፍ ያለ ሆነ። የቢሻሪ ልጆች በየማሳው የገቡት በዚህ ዕቃ ነው።

የቱቦው በጎና ክፉ

ይሁን እንጂ ቱቦው ዕዳም አለው። የቡና ዋና ሥር በተፈጥሮው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይሄዳል። የቱቦው ግርጌ ሲደርስ፣ መውጫ ካጣ ይጠመዘዛል፤ በለስላሳው ግድግዳ ዙሪያም የጎን ሥሮች እንደ ገመድ ይጠቀለላሉ። ችግኙ ከዕድሜው በላይ በጣቢያ በቆየ ቁጥር ነገሩ ይብሳል። በተከላ ጊዜ ከላይ ሲታይ ግን አረንጓዴና ያማረ ነው። ችግሩ የሚወጣው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ዛፉ የመጀመሪያውን ከባድ ፍሬ ሲሸከምና በጋው ሲበረታ ነው። ያን ጊዜ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ቅርንጫፉ ይደርቃል፣ ሰውም "በሽታ ገባበት" ይላል።

ይህን የማወራው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ሥራ በጀመርኩበት ቀበሌ የመጀመሪያው ክረምት ላይ ብዙ ችግኝ አከፋፍዬ፣ የተተከለውን ቆጥሬ፣ ሪፖርቴን በሰዓቱ አስገብቼ ነበር። ችግኞቹ በጣቢያ ከዕድሜያቸው በላይ የቆዩ ነበሩ። የቱቦውን ግርጌ ቆርጠው እንዲተክሉ ግን አላስተማርኩም፤ አንዳንዱም ከነላስቲኩ ተቀበረ። በአራተኛው ዓመት አንዲት እናት ጠርተውኝ ወደ ማሳቸው ወሰዱኝ። ብዙው ቡናቸው ገርጥቷል። አንዱን ነቅለን ስናየው ዋና ሥሩ እንደ መንጠቆ ታጥፎ፣ የጎን ሥሩ የላስቲኩን ቅርጽ እንደያዘ ነበር። እኚያ እናት አልተቆጡኝም። "ልጄ፣ አንተ የቆጠርከው ቅጠሉን ነው" አሉኝ። አራት ዓመት ሙሉ ያረሙትና ያጠጡት ድካማቸው በእኔ የአንድ ቀን ቸልተኝነት ጠፋ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው።

ሁለተኛው ዕዳ ክብደት ነው። ሲሞላ ወርዱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 22 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ 1.7 ሊትር ያህል አፈር ይይዛል፤ ሲረጥብ ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል። በ2 ሜትር በ2 ሜትር ርቀት አንድ ሄክታር ለመትከል 2,500 ችግኝ ያስፈልጋል። ይህ ማለት አርሶ አደሩ ከችግኙ ጋር 50 ኩንታል አፈር በኢሉባቦር ዳገት ላይ ይሸከማል ማለት ነው። ያ አፈር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከጫካ የሚዛቅ ለም አፈር ነው።

ሦስተኛው ዕዳ ቆሻሻው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ በመላው አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ተገልጾ ነበር። ከእያንዳንዱ የቱቦ ችግኝ ጀርባ አንድ ላስቲክ አለ። በአዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ የፕላስቲክ ከረጢቶች እንዳይመረቱና እንዳይገቡ ገደብ ተደርጎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በፌስታል ላይ ጠበቅ ያለ ክልከላ የያዘ አዋጅ አጽድቋል። የአገሪቱ አቅጣጫ ወዴት እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሌሎች ምን ሠሩ?

በሌላው ዓለም ያሉ ባለሙያዎች ለዚህ ችግር ያገኙት መፍትሔ ቀላል ነው። የዕቃውን ግርጌ ክፍት አድርገው ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ አቆሙት። የሥሩ ጫፍ ከታች አየር ሲያገኝ ደርቆ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ አዳዲስ ሥሮች ይወጣሉ። በዕቃው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ሸንተረሮች አወጡለት፤ ሥሩ መዞሩን ትቶ ሸንተረሩን ተከትሎ ይወርዳል። በብራዚል ቡና የሚፈላበት እንዲህ ያለው ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ ታጥቦ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል፤ የሚይዘው አፈርም ከእኛው ቱቦ በጣም ያነሰ ነው። ጃፓኖች ደግሞ ለስኳር ድንች ሳይሆን ለስኳር ቀይ ሥር ተክል ብለው፣ እንደ ማር እንጀራ የተያያዘና ከችግኙ ጋር አብሮ የሚቀበር የወረቀት ዕቃ ሠርተዋል።

ይህ ሁሉ ያለ ጉድለት አይደለም። ትንሹ ዕቃ ቶሎ ስለሚደርቅ ውኃ በየጊዜው ይፈልጋል፤ አፈሩም በደንብ የተብላላ ብስባሽ ሊሆን ይገባል፤ የመግዣ ዋጋውም ከቱቦ ይበልጣል። የአባቶቻችን ኮባም ቢሆን ስምንት ወር በእርጥብ አፈር አይቆይም፤ ይበሰብሳል። ለጎመን፣ ለቲማቲምና በጥቂት ሳምንታት ለሚደርስ ችግኝ ግን ኮባና የሙዝ ቅጠል ዛሬም ያለ ገንዘብ የሚገኙ ጥሩ ዕቃዎች ናቸው።

የእኛ ድርሻ

አንዳንዱን ነገር ገንዘብ ሳንጠይቅ ከሚቀጥለው ክረምት ጀምሮ ልናደርገው እንችላለን። ግርጌው ክፍት የሆነውን ቱቦ በቀርከሃ ርብራብ ላይ ማቆም ይቻላል፤ ቀርከሃው በአገራችን አለ። ይህ ባይሆን እንኳ ቱቦዎቹን በየጊዜው ከቦታቸው ማንቀሳቀስ ሥሩ መሬት እንዳይዝ ያደርጋል። በተከላ ቀን የቱቦውን ግርጌ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ከነተጠመዘዘው ሥር በስለት ቆርጦ፣ ጎኑን ቀድዶ፣ ላስቲኩን አውጥቶ መትከል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የወጣውን ላስቲክም ችግኙን ወዳከፋፈለው ጣቢያ መመለስ ይገባል። ሲከፋፈል ከተቆጠረ ሲመለስም ሊቆጠር ይችላል።

ገንዘብ የሚጠይቀው ግን ለብቻ አይሞከርም። የተሻሻለውን ዕቃ አንድ አርሶ አደር ልግዛ ቢል አይችለውም። ዩኒየኑ በጅምላ ገዝቶ በአንድ መሠረታዊ ማኅበር ችግኝ ጣቢያ ላይ ከቱቦው ጎን ለጎን ቢሞክረው፣ ውጤቱንም እስከ አራተኛው ዓመት ቢከታተለው፣ የሚያተርፈው ሁላችንም ነን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባል የለ። በአዋጅ ቁጥር 147/1991 የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአዲስ መልክ መደራጀት የጀመሩትም፣ ሸክሙን ጌጥ ለማድረግ አይደለምን?

የወረዳና የዞን ኃላፊዎቻችንንም በትሕትና የምንጠይቀው አለ። በየዓመቱ የተተከለው ችግኝ ስንት እንደሆነ ትጠይቁናላችሁ፤ እኛም እንመልሳለን። ከአራት ዓመት በፊት ከተተከለው ዛሬ ፍሬ የያዘው ስንት እንደሆነም ጠይቁን። ያን ጊዜ እኛ ባለሙያዎች ከቅጠሉ ይልቅ ሥሩን ማየት እንጀምራለን።

ከመቱ ቢሻሪ የወጣው ዘር አገር አዳርሷል። ዘሩን የሰጠች ምድር፣ ሥሩ ቀጥ ብሎ የሚወርድበትን ዕቃም ለሌሎች ማሳየት አያቅታትም።

መልካም የምሥረታ በዓል!