ሒሳብ መያዝና ሒሳብ ማንበብ፤ የሥራ መሪዎችና የቦርድ አባላት ሥልጠና ከታሪክ አንጻር

ሒሳብ መያዝና ሒሳብ ማንበብ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። የመጀመሪያውን በአገራችን ለማስተማር ከሰማንያ ዓመታት በላይ ተደክሞበታል። ሁለተኛው፣ ይኸውም በመዝገብ የሰፈረውን ቁጥር ተመልክቶ የድርጅትን ጤንነት መመርመር፣ በትምህርት መልክ የተሰጠው እጅግ ዘግይቶ ነው። ይህ ልዩነት ከየት እንደመጣና ለሥልጠና አዘጋጆች ምን እንደሚያመለክት ለመረዳት ወደኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ሲከፈት የጊዜው አንገብጋቢ ችግር የጸሐፊና የሒሳብ ሠራተኛ እጥረት ነበር። ትምህርት ቤቱም የተፈለገውን ሰው አፈራ። ሰነዱ ቀርቦለት ስለሚፈርመው የበላይ ኃላፊ ማሰብ ግን የትምህርት ቤቱ ተልእኮ አልነበረም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ሁኔታውን ለወጠው። ሕጉ የአክሲዮን ማኅበር ከሦስት ያላነሱ፣ ከዐሥራ ሁለት ያልበለጡ ዳይሬክተሮች እንዲኖሩት ሲደነግግ፣ ዳይሬክተሮቹም ከአባላቱ መካከል እንዲሆኑ አዘዘ። ከዚህም በላይ ከካፒታሉ ሦስት አራተኛው በኪሣራ ሲጠፋ ጠቅላላ ጉባኤ የመጥራት ግዴታ ጣለባቸው። እንግዲህ የሀብትና ዕዳ መግለጫ ማንበብ የማይችል ዳይሬክተር ይህን ግዴታ መቼ እንደሚፈጽም በምን ያውቃል? ሕጉ ኃላፊነቱን ሰጠ፤ ችሎታውን ግን የሚሰጥ ሕግ የለም።

ችሎታው በረዥም ጊዜ ልምምድ እንዴት እንደሚገኝ የሚያሳየን ምሳሌ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በቦሌ ይገኛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም አስተዳደሩ በውል የተሰጠው ለአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ኩባንያ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የጄት አውሮፕላኖች ሲመጡ የልደታው ሜዳ ስለማይበቃቸው ቦሌ የድርጅቱ መናኸሪያ ሆነ። ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው የተሾሙት በ1963 ዓ.ም. ነው። ከምሥረታው እስከዚያ ድረስ ሃያ አምስት ዓመት አልፏል። ጊዜው የረዘመ ቢመስልም የሥራውን ጠባይ ለሚያውቅ አያስገርምም።

በዚህ ሥራ ቁጥሮች ያታልላሉና። ተሳፋሪው ለመጪው ወር ጉዞ ዛሬ የከፈለው ገንዘብ በካዝና ቢገኝም፣ አውሮፕላኑ እስኪበር ድረስ ዕዳ እንጂ ገቢ አይደለም። በአንጻሩ አውሮፕላን በአንድ ጊዜ ተገዝቶ ወጪው በእርጅና ቅናሽ መልክ ለብዙ ዓመታት ይከፋፈላል፤ ያም ማለት በመዝገብ ወጪ ተብሎ ሲጻፍ ከካዝና የሚወጣ ሳንቲም ላይኖር ይችላል። ይህን ያልተረዳ ቦርድ የሌለውን ገንዘብ ያከፋፍላል፤ ወይም ያለውን ሳይጠቀምበት ይቀራል።

ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ አየር መንገዱ ለከባድ የገንዘብ ችግር ተዳርጎ ነበር። በ1972 ዓ.ም. አካባቢ ካፒቴን መሐመድ አሕመድ በኃላፊነት ሲሾሙ፣ ብዙው የምርት ድርጅት በማዕከላዊ ዕቅድ በሚመራበት በዚያ ዘመን፣ ድርጅቱ በንግድ መርሕ እንዲሠራ ተፈቀደለት። ድርጅቱም አገገመ። በእኔ አስተያየት ይህ ፈቃድ ብቻውን በቂ አይሆንም ነበር፤ ፈቃዱን የሚጠቀሙበት፣ ሒሳብ አንብበው የሚከራከሩ ሰዎች ቀድሞ ተዘጋጅተው ነበር።

በ1984 ዓ.ም. የመንግሥት የልማት ድርጅቶች አዋጅ ሲወጣ ሠራተኞች የሚመርጧቸው ሰዎችም በቦርድ እንዲቀመጡ ተደረገ። በ1986 ዓ.ም. ደግሞ የግል ባንኮችን የሚፈቅደው አዋጅ ወጣ። ነጋዴው፣ ሐኪሙ፣ ጡረተኛው የቦርድ አባል ሆነ። ሥልጠናም ያኔ የግድ ሆነ፤ ነገር ግን መምህራኑ ይዘውት የመጡት ያንኑ የሒሳብ ሠራተኛ ማሠልጠኛ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ በቦሌ አካባቢ ለአንድ ድርጅት የቦርድ አባላት በተሰጠ የሁለት ቀን ሥልጠና ላይ በታዛቢነት ተገኝቼ ነበር። አሠልጣኙ ጧቱን በሙሉ በዴቢትና በክሬዲት አሳለፈው። ሰነዱ በእንግሊዝኛ፣ ውይይቱ በአማርኛ ነበር። ከሰዓት በኋላ አንድ አዛውንት እጃቸውን አነሡ፤ «ልጄ፣ አተረፋችሁ ትሉናላችሁ፤ ለደመወዝ ግን ከባንክ ተበደርን። ትርፉ የት ገባ?» አሉ። አሠልጣኙ ጥያቄው በማግሥቱ እንደሚታይ ነገራቸው። ማግሥቱ በምስክር ወረቀት አሰጣጥ አለቀ።

የአዛውንቱ ጥያቄ መልስ አለው። ትርፉ በዱቤ ከወሰዱ ደንበኞች ዘንድ በተሰብሳቢ ሒሳብ፣ በመጋዘን በተከማቸ ዕቃ፣ አለዚያም በአዲስ መኪና ተይዞ ሊሆን ይችላል። ሦስቱን ለይቶ ለማሳየት አንድ ሰዓትና የድርጅቱ የራሱ መግለጫ ይበቃ ነበር። ዛሬ ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ዓለም አቀፍ የአዘጋገብ ደረጃዎችን አስገብቷል፤ በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ወጥቷል፤ በ2017 ዓ.ም. የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፍቷል። መግለጫዎቹ ረዝመዋል፤ አንባቢዎቻቸውም በዝተዋል።

ለዚህ ዓይነት ሠልጣኞች ያዘጋጀሁት የሥርዓተ ትምህርት ረቂቅ በዚያ ጥያቄ ይጀምራል። ሠልጣኞች የድርጅታቸውን ያለፉ ሦስት ዓመታት መግለጫ ይዘው ይመጣሉ፤ ቃላቱ በአማርኛ ይፈታሉ፤ እያንዳንዱም ለኦዲተሩ የሚያቀርበውን አንድ ጥያቄ ጽፎ ይወጣል። ዴቢትና ክሬዲት የሚመጡት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያውም ጊዜ ከተረፈ።